የወፍ እግር ያለበት ድንጋይ

"ቤቶች!" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጪ ሲሰማ አልታየች የባሕር ዛፍ ግንድ እየፈለጠች ነበር። መጥረቢያውን ከግንዱ ነቅላ፣ ሳታስቀምጠው ወደ ደጁ ሄደች። የሰፈሩ ግማሽ የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ኪዳነወልድ ናቸው። ከኋላቸው ሽማግሌው አቶ ወልደአረጋይ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁለት ሽማግሌ በጠዋት ደጅ ከቆመ ወይ ልጃገረድ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ይቅርታ። እዚያ ቤት የምትዳር ልጃገረድ የለችም።

"እንደምን አደርሽ አልታየች? በመጥረቢያ ነው እንዴ የምትቀበይን?" አሉ ቄሱ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን አባ። እንጨት ስፈልጥ ደረሳችሁ። ሰው መፍለጥ ገና አልጀመርኩም።"

አቶ ወልደአረጋይ ሳቃቸውን በሳል አሳብበው ዋጡት። አልታየች መስቀል ተሳልማ አስገባቻቸው።

ወንድሟ ፍሥሐ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። የቄሱ ጥላ ደፉን እንዳለፈ ብድግ አለ። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ምነው?"

እስኪሉት ድረስ አልተቀመጠም። ከእስር ቤት ወጥቶ እቤቱ ከገባ ሳምንት አልሞላውም። ሽንት ቤት ለመሄድ ሲያስፈቅዳት ከሰማች ወዲህ አልታየች እሱ ፊት ጠንከር ብላ መናገር ትፈራለች፤ ያን የሚያህል ምላስ ያላት ሴት።

ነገሩ አገር ያወቀው ነው። ከአራት ዓመት በፊት በኅዳር፣ ገብስ ሲደርስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ ተሰብሮ ጥንታዊው የብር መስቀል ጠፋ። ፍሥሐ ያኔ ዲያቆን ነበር፣ የዕቃ ቤቱ ረዳት። እንደ አገሩ ወግ ሕዝቡ በሙሉ ወይራው ሥር ለአውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ከተቀመጡ ሌባው እስኪወጣ ማንም እርሻው አይሄድም። ከሕዝቡ መካከል በምስጢር የሚመረጥ ሰው አለ፤ "ወፍ" ይሉታል። ያየውን ለዳኞቹ በጆሯቸው ይነግራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይወጣም። "ወፍ ነገረን" ይባላል፣ በቃ።

የመጀመሪያው ቀን ወፉ ዝም አለ። በማግሥቱም ዝም አለ። ገብሱ ደርቆ መርገፍ ጀመረ፣ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ፣ ገበሬው ማጭዱን ጭኑ ላይ አጋድሞ እርስ በርሱ በክፉ ዓይን ይተያይ ገባ። በሦስተኛው ቀን ወፉ ተናገረ፤ ፍሥሐን በሌሊት ከዕቃ ቤቱ ሲወጣ አይቼዋለሁ አለ። ሕዝቡ እፎይ ብሎ ወደ ማሳው ሮጠ። በዚያ ሳምንት ገብሱም ታጨደ፣ ፍሥሐም ታጨደ።

ፍርድ ቤት ግን የወፍ ወሬ አይበቃውም፣ ስም ያለው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ወፉ ከዛፉ ወርዶ ምስክር ሆኖ ቆመ። አቶ ዘርአ ዳዊት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ቃሉ መሬት የማይወድቅ ሰው። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ማለ፣ "በዓይኔ በብረቱ አየሁት" አለ፣ ፍሥሐ ላይ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልታየች አንቱታውን ነሥታዋለች።

"እንግዲህ..." አሉ አቶ ወልደአረጋይ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ዘርአ ዳዊት ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንደ አባቶቻችን ወግ።"

"ለምን ዛሬ?" አለች አልታየች።

"ይቅርታ ቀን አለው እንዴ?"

"አለው እንጂ ጋሼ። እሑድ የአዲሱ ሕንፃ ቅዳሴ ቤት ነው። ጳጳሱ ይመጣሉ፣ እሱ ከፊት ይቆማል። ንስሐ አባቱ ደግሞ ‘የበደልከውን ሳትታረቅ አላቆርብህም’ ብለውታል። አይደለም እንዴ አባ?"

ቄስ ኪዳነወልድ መስቀላቸውን በመሐረብ መጠቅለል ጀመሩ። "ብያለሁ። ጥፋት ነው?"

"ጥፋትማ አይደለም። ሰውየው የሚመጣው ግን ለወንድሜ ብሎ አይደለም፤ ለእሑድ ነው።"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ። ይኸው መስቀሉ አዲስ አበባ ተገኘ። የሸጠው የሌላ አገር ሰው መሆኑ ታወቀ። ወንድምሽ ንጹሕ መሆኑን ማን ያጣዋል?"

"እያደር ሲጠራ የሚያድረው የማን ዕድሜ ነው አባ? እናቴም ጠዋት ማታ ‘ይጠራል’ እያለች አፈር ገባች።" ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ተሰምቷት ወንድሟን በጎን ቃኘችው፤ ረገብ አለች። "ንጹሕ ነው ካላችሁ እሑድ ከናንተ ጋር ገብቶ ይቀድስ። ዲቁናውን መልሱለት።"

ቄሱ የጠቀለሉትን መሐረብ መልሰው ፈቱ። "እሱማ... ወረቀቱ አለ። ሀገረ ስብከቱ ደግሞ ወረቀት ያያል።"

"ወረቀቱ ወንጀለኛ ይለዋል። የተፈታው በአመክሮ ነው፣ ነጻ ተብሎ አይደለም። ‘ለሌባው በሩን የከፈተለት እሱ ይሆናል’ የሚል አፍም እዚሁ ሰፈር አለ። ጠበቃ ጠይቄያለሁ። ‘አየሁ ያለው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ዋሽቻለሁ ካላለ ነገሩ አይነቃነቅም’ አለኝ። እንግዲያው ድንጋዩን ተሸክሞ ወደዚያ ይሂድ። ወደኛ ምን አመጣው?"

"እንዲያ ካለ ይታሰራላ!" አሉ አቶ ወልደአረጋይ። "በሐሰት ምሏል ተብሎ። ዕድሜው ገፍቷል፣ ልቡን ያመዋል። እሱ ቢታሰር ወንድምሽ ምን ያገኛል?"

"ምንም። እሱ ግን እንደ ወንድሜ ድንጋይ መጥረብ ይማራል።"

ከዘራው ወለሉን መታ። "አቤት ምላስ! ተበዳዩ አንቺ አይደለሽም። እሱን ነው የምንጠይቀው። ፍሥሐ፣ ምን ትላለህ?"

ፍሥሐ ብድግ አለ። "እሺ።"

"ትታረቃለህ?"

"አዎ።"

"ከልብህ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፣ መረቁት፣ ትከሻውን ነካ ነካ አደረጉት። አልታየች ያንን "አዎ" ታውቀዋለች። ስንቅ ቋጥራ፣ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ተሰልፋ በሽቦው ማዶ ስታየው፣ ዘቡ "ጨርስ!" ሲለው የሚመልሰው "አዎ" ነው። ያ ቃል ሲወጣ ሰውየው ውስጡ የለም።

ጠላ ሳይቀዳላቸው ወጡ። በዚያ አገር ይህ ከስድብ ይብሳል። አቶ ወልደአረጋይ ጋኑን ሰረቅ አድርገው አይተውት ነበር።

ቀትር ላይ አልታየች የተፈለጠውን እንጨት ስትደረድር ፍሥሐ ከደጁ ተቀምጦ ያያታል። ከፊት ለፊቱ የግቢው የድንጋይ ካብ በክረምቱ ዝናብ ተንዶ አፉን ከፍቷል። መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፤ የጎረቤት በግ በዚያ እየገባ ጎመኗን ጨርሷል። ወንድሜ ሲመጣ ይሠራዋል ብላ ነበር። መጣ። ከድንጋዮቹ ጋር ግን አልተነካካም፤ ሲያልፍ እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። እሷም አልጠየቀችው።

"ለምን እሺ አልካቸው?" አለችው፣ እንጨቱን እያየች።

"ጠየቁኝ።"

"ሰው ሲጠየቅ እምቢም ይላል እኮ።"

እንደማያውቀው ቋንቋ አዳመጣት። "እዚያ ‘በፈቃዱ የሚሠራ እጁን ያውጣ’ ይሉናል። እጁን ያላወጣ ጠያቂ ይከለከላል። አንቺ ዓርብ ዓርብ ትመጫለሽ። አወጣሁ።"

አልታየች ፍልጡን እንደያዘች ቀረች። ስለ እስር ቤቱ ድንጋይ ማውጫ በራሱ አፍ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ማለዳ በመኪና ተጭነው እንደሚወጡ፣ ውርጩ ሳይለቅ መሮና መዶሻ እንደሚታደላቸው፣ ገደሉን ፈንቅለው የግንባታ ድንጋይ እንደሚጠርቡ ከሌሎች ጠያቂዎች ሰምታለች። ሥራው የመንግሥት አይደለም፤ የአንድ ተቋራጭ ነው። ተቋራጩና የእስር ቤቱ አለቃ ተስማምተዋል፣ ታራሚው ደግሞ "ፈቅዷል"። ጽና ሲያወዛውዝ የኖረው ቀኝ እጁ ሁለት ጥፍሩን እዚያ ጥሎ መጥቷል። እናታቸው የተቀበረች ቀንም እዚያው ነበር። ያረዳው ካቦው ነው፤ ካረዳው በኋላም መዶሻውን መልሶ ሰጠው።

"ያን ሁሉ ድንጋይ የት ነው የሚወስዱት?"

"እንጃ። ሲኖትራክ ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። ማን ይጠይቃል?" አውራ ጣቱን አሻሸ። "ሁላችንም ምልክት ነበረን። የማን ድንጋይ እንደሆነ እንዲለይ ማዕዘኑ ላይ በመሮ እንጭራለን። አንዱ ቀለበት፣ አንዱ ሰንሰለት። የኔ የወፍ እግር ነበር።"

"ለምን የወፍ እግር?"

"ወፍ አይደል ያሰረኝ።"

ፈገግ ያለ መሰላት፤ እርግጠኛ ግን አልሆነችም። እናታቸው ብትኖር ምን እንደምትል ታውቃለች። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ነበር ጸሎቷ።

"ፍሥሐዬ፣ ስሚኝ በለኝ እስቲ። አንድ ጊዜ እንኳ ‘እታለም፣ ዝም በይ’ በለኝ።"

"ለምን?"

"ዝም ብዬ። መቻልህን ልየው።"

አልቻለም። ራሱን ዝቅ አድርጎ የጫማውን አፍንጫ ያይ ጀመር።

ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘነብል መጡ። ቄስ ኪዳነወልድ ከፊት፣ አቶ ወልደአረጋይ ከጎን፣ በመካከላቸው አቶ ዘርአ ዳዊት ነጠላውን በወገቡ አሸርጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ቆሙ። ቀብር ላይ ያልታየ ሰው ሁሉ ለዕርቅ ይቆማል፣ አለች አልታየች በሆዷ።

እውነት ለመናገር ሰውየው አርጅቷል። ላቡ ከግንባሩ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ካቡ የተናደበት ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሳይፈቀድለት መግባት አይችልም።

"ስለ እግዚአብሔር" አለ። "ስለ መድኃኔዓለም። በድዬሃለሁ፣ ማረኝ።"

ፍሥሐ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል።

"ምን እንደበደልከው ንገረው" አለች አልታየች።

"አንቺ ልጅ፣ ወግ እንዲህ አይደለም..." አሉ አቶ ወልደአረጋይ።

"ተዋት" አለ ዘርአ ዳዊት፣ ከድንጋዩ ሥር። "ልናገር። አላየሁህም ፍሥሐ። ያን ሌሊት እቤቴ ተኝቼ ነበር። ገብሱ ነው... ገብሱ እየረገፈ ነበር። ዳኞቹ ዓይን ዓይኔን ያያሉ፣ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዟል። ወፉ እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር ካላልኩ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምታውቀው አንተ ነህ። አባት የለህም፣ የሚቆጣልህ ዘመድ የለህም። ንጹሕ ከሆነ መንግሥት ራሱ ይለቀዋል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።"

"መመለሻው በሚኒባስ ነው" አለች። "ወንድሜን ለማሳሰር የሄድክበት መንገድ አልተዘጋም።"

"ልቤ ታማሚ ነው፣ እታለም። እስር ቤት አልችልም።"

"እሱስ ችሎ ነበር?"

"በቃ!" አሉ ቄሱ። "ተናዘዘ፣ ተዋረደ፣ ምን ቀረ? ሽማግሌ ድንጋይ እንደተሸከመ ጀንበር አትጠልቅበትም። ፍሥሐ ልጄ፣ ቅረብ። ድንጋዩን አውርድለትና መሬት ጣለው። ከጣልከው ታርቀሃል፤ ከዚህ ወዲያ ነገሩ አይነሣም፣ በፍርድ ቤትም በሰውም ፊት።"

አልታየች አፏን ከፈተች። ልትጮህ ነበር። ፍሥሐ ግን ታዟልና ቀድሞ ተራመደ። ሊያቆመው የሚችል የለም፤ ሲያዝ የሚሄድ ሰው አድርገው ሠርተውታል። ሁለት እጁን ድንጋዩ ሥር ሰደደ፣ ሽማግሌውን ሳያስነካው፣ ሳይገፋው፣ በቀስታ አነሣለት። ዘርአ ዳዊት ቃትቶ ቀና አለ፣ ማጅራቱን ይዞ።

"ጣለው" አሉ ቄሱ።

ፍሥሐ አልጣለውም። ድንጋዩን ይዞ ቆመ። ጥርብ ነው፣ አራት ማዕዘን፣ የተስተካከለ። አውራ ጣቱ፣ ጥፍር የሌለው፣ ማዕዘኑን ዳሰሰ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወደ ፀሐዩ ዞሮ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይህን ከየት አመጡት?" አለ።

ከመጣ ጀምሮ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው ሲጠይቅ አልታየች ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

"ምኑን?"

"ድንጋዩን።"

"ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነዋ። ከሕንፃው የተረፈ ክምር አለ፣ ከዚያ። የወንዝ ድንጋይ ያንሸራትታል ብዬ..."

"የሕንፃው ድንጋይ ከየት መጣ?"

ዘርአ ዳዊት ወደ ቄሱ አየ፣ ቄሱ ወደ እሱ። "ከከተማ ነው። አንድ ተቋራጭ በርካሽ አገኘንና ኮሚቴው... ለምንድን ነው?"

አልታየች ተጠጋች። ማዕዘኑ ላይ፣ የጣት ቁመት የማያህሉ፣ በመሮ የተጫሩ ሦስት መስመሮች ከአንድ ሥር ወጥተው ተበትነዋል። የወፍ እግር። ወደ ጉብታው ቀና ብላ አየች። የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ግድግዳ በጀንበሯ ቀልቷል። በየማዕዘኑ፣ ከሲሚንቶው ሥር፣ ስንት የወፍ እግር እንዳለ፣ ስንት ቀለበት፣ ስንት ሰንሰለት፣ ማንም አያውቅም። እሑድ ጳጳሱ ዙሪያውን ጠበል ይረጩታል።

"ይሄ የኔ ነው" አለ ፍሥሐ።

አቶ ወልደአረጋይ መነጽራቸውን ፈልገው አጡ። ቄስ ኪዳነወልድ ግን ቶሎ ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ቢሆንም ሥራቸው ሥራ ነው። "ልጄ... እግዚአብሔር ያያል። አሁንም ጣለው።"

"አልጥለውም፣ አባቴ።"

ድምፁ አልጨመረም። እንደ ቀድሞው ዝቅ ያለ ነው፣ ዓይኑም ገና መሬት ላይ ነው። "አልጥለውም" ያለው ግን እሱ ነው። ድንጋዩን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደተናደው ካብ ሄደ። በእግሩ አፈሩን ገፋ ገፋ አደረገ፣ ተንበረከከ፣ አስቀመጠው። ደግሞ አነሣና አዞረው፤ የወፍ እግሩ ወደ መንገዱ እንዲያይ።

"ይቅርታው እዚህ አለ" አለ፣ ወደ ማንም ሳይዞር። "ፍርድ ቤት ሄደው ‘አላየሁም’ ያሉ ዕለት ይምጡና ድንጋዩን ይውሰዱት። ይቅርታውንም አብረው ይወስዳሉ።"

"እሑድስ?" አለ ዘርአ ዳዊት። እንደ ልጅ ነው የጠየቀው።

"እሑድ በዚህ በኩል ነው የምታልፉት።"

ሴቶቹ እንስራቸውን ተሸክመው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ፤ ሳይመሽ ወሬው ጎረቤላ ከተማ ይገባል። አቶ ወልደአረጋይ አንድ ተረት ሊጠቅሱ ጀምረው መሐል ላይ ጠፋባቸው። ዘርአ ዳዊት ባዶ ማጅራቱን እንደያዘ፣ ድንጋይ ከተሸከመበት ይልቅ ጎብጦ ቁልቁል ወረደ። ቄሱ የመጨረሻው ነበሩ። እጃቸው መስቀሉን ፈለገ፣ አገኘው፣ ግን አላወጡትም።

አልታየች ለሽማግሌዎቹ ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ውስጥ ቀረ።

ድንጋዩ ይነቃነቅ ነበር። ፍሥሐ በመዳፉ ግራና ቀኝ ሞከረው።

"እታለም፣ ዝም ብለሽ ከምትቆሚ ስስ ጠጠር አቀብዪኝ።"

ጎንበስ ብላ ፈለገችለትና አቀበለችው። ከሥሩ ሰካው፣ በመዳፉ ጠርዝ መታው፣ እንደገና ገፋው። አልተነቃነቀም።

ከዚያም ማንም ሳያዘው ሁለተኛውን ድንጋይ አነሣ።